አዲስና ልክ

«አዲስ እኮ ነው» የሚለው አነጋገር ስንት ክርክር እንደሚዘጋ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጫማው ጣቴን ያዘኝ ብትል «አዲስ እኮ ነው፤ ይለምዳል» ትባላለህ። በሩ አልገጥም ቢል አናጢው «አዲስ ነው» ብሎ መጋዙን ሸክፎ ይሄዳል። አዲስነት ለዕቃው እንደ ምስክር ወረቀት ይቆጠርለታል። ከዚያ ወዲያ የሚጎረብጥ ነገር ካለ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የተጠቃሚው ነው። ወይ እግርህ አብጧል፤ ወይ በር መዝጋት አታውቅም።

«ልክ» የሚለው ቃል ግን ሌላ ነው። ልብስ ሰፊው «ና፣ ልክህን ልውሰድ» ሲል የትከሻህን ስፋትና የእጅህን ርዝመት ማለቱ ነው። ተከራካሪህ ተሸንፎ «ልክ ነህ» ሲልህ ደግሞ እውነቱ ካንተ ጋር ነው ማለቱ ነው። አማርኛችን መለካትንና እውነተኛ መሆንን በአንድ ቃል ያስራቸዋል። በዚህም አያበቃም። ሰውየው ሜትሩን ዘርግቶ ጨርቁን «ለካ» እንላለን፤ ያልጠበቅነው እውነት ድንገት ሲገለጥልን ደግሞ «ለካ እንዲህ ኖሯል!» እንላለን። ሁለቱ ሲጻፉ አይለዩም።

እኔ የቋንቋ ተማሪ ነኝ። ይህን ነገር ግን ከመዝገበ ቃላት አላገኘሁትም። ያገኘሁት በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ በአንዲት አሮጌ ኮሮላ ሞተር ላይ ጎንበስ ብዬ ነው። «የቋንቋ ተማሪን ሞተር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገሩ እንዲህ ነበር።

አጎቴ ሾፌር ነው። መሪ ከያዘ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። መኪናይቱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራች ናት፤ በኮንትራት ታክሲነት ትሠራለች። የቤት ኪራዩ ከእሷ ነው። የሁለቱ ልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ከእሷ ነው። እኔም ዶርም ሆኜ ለሳሙናና ለፎቶ ኮፒ የምቀበላት ከእሷ ነው። እሷ ስታስል ቤቱ በሙሉ ያስለዋል።

በዚያ ክረምት መግቢያ ላይ መኪናይቱ መደናቀፍ ጀመረች። ነዳጅ መስጫው ቀስ ተብሎ ሲረገጥ አንዲት ቦታ ላይ ትንተባተባለች፤ ከዚያች ቦታ ሲታለፍ ትስተካከላለች። ጋራዥ ወሰዳት። «የስሮትል ሰንሰሯ አልቋል» አሉት። እውነታቸውን ነበር፤ በዕድሜ ብዛት አልቋል። አዲስ ተገዝቶ ተገጠመ፤ ዋጋው ተከፈለ። መደናቀፉም ቀረ።

ሌላ ነገር ግን መጣ። ሚኒሞዋ፣ ማለትም ሞተሩ እግር ሳይነካው በዝግታ የሚሽከረከርበት ፍጥነት፣ ከፍ አለ። መብራት ላይ ቆማ እንኳ ትጮኻለች። ቤንዚን ትበላ ጀመር። ከሁሉ የከፋው ቁልቁለቱ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርደውን መንገድ የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። አጎቴ ያንን መንገድ በማርሽ ነው የሚወርደው። እግሩን ከነዳጅ ያነሣል፤ ሞተሩ ራሱ መኪናይቱን ይዞ ያወርዳታል፤ ፍሬን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። አሁን ግን አትያዝም።

«እግሬን ሳነሣ አትለቅም» አለ። «ሌላ ሰው እግሩን ረስቶባት የሄደ ይመስላል።»

ወደ ጋራዡ ተመለሰ። ልጆቹ ኮፈኑን ከፍተው አዩና «አዲስ ዕቃ እኮ ነው የገባላት ጋሼ፤ ምንም የላትም» አሉት። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ አንደኛው ፈገግ ብሎ «እግርዎ ከብዶ ይሆናል» አለው።

ይህች ቃል ቤት ድረስ ገባች። እትዬ የምላት ሚስቱ ለወትሮው ስትናገር ድምፅዋ ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል። ያን ምሽት ግን በለሆሳስ «ዕድሜ ነው። ዓይንም ይደክማል፣ እግርም ይደክማል። ለምን ለሌላ ሾፌር አትሰጣትም?» አለችው። ክፋት አልነበረባትም፤ ፈርታለት ነው። አጎቴ አልመለሰላትም። በማግስቱ የቆዳ ጫማውን ትቶ በሸራ ጫማ ወጣ። በሳልስቱ እሱንም አውልቆ በካልሲ ነዳ። እግሩን እየመረመረ ነበር! ሠላሳ ዓመት ያመነው እግር ዋሽቶት እንደሆነ ሊያጣራ። ማታ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የቀኝ እግሩን ጣቶች ሲያጥፍና ሲዘረጋ ሳየው፣ ነገሩ የመኪና ብልሽት ብቻ አለመሆኑ ገባኝ።

እዚህ ላይ ስለ ዕቃዋ ጥቂት ልበል፤ ካልነገርኳችሁ ቀሪው ወሬ አይያዝም።

በእንዲህ ያለች መኪና ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ የሚከፍተው ቤንዚን አይደለም፤ አየር ነው። ከፔዳሉ የተነሣ የሽቦ ገመድ ወደ ሞተሩ ይሄድና በአየር መግቢያው ጉሮሮ ውስጥ ያለችውን ክብ ሳህን ያዞራታል። መካኒኮች ቢራቢሮ ይሏታል። እግር ሲነሣ ስፕሪንግ መልሶ ይዘጋታል። ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭ የሚወስነው ኮምፒዩተሩ ነው። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ዓይን የለውም። ቢራቢሮዋ የት እንደደረሰች የምትነግረው በዘንጓ ጫፍ ላይ በሁለት ብሎን የተያዘች፣ የክብሪት ቤት የምታህል ጥቁር ፕላስቲክ ናት። ሰንሰሯ ማለት እሷ ናት።

በውስጧ ያለው ነገር ተአምር አይደለም። በቀጭን የካርቦን መንገድ ላይ የምትንሸራተት አንዲት የብረት ጣት ናት። በመንገዱ አንድ ጫፍ 5 ቮልት ይገባል፤ ሌላው ጫፍ ከኔጋቲቭ ጋር ተያይዟል። ጣቷ እንደቆመችበት ቦታ መጠን ከ5ቱ ቮልት ላይ ድርሻዋን ታነሣና በሦስተኛው ሽቦ ለኮምፒዩተሩ ትልካለች። ቢራቢሮዋ ስትዘጋ ግማሽ ቮልት ግድም፤ ወለል ብላ ስትከፈት 4 ቮልት ገደማና ከዚያም በላይ። በኮሮላዋ ላይ አራተኛ ሽቦም አለ። የእሱ ሥራ «እግር ተነሥቷል» ወይም «አልተነሣም» ማለት ብቻ ነው። የድሮ ሬዲዮ የድምፅ መጨመሪያ ሲያረጅ አንዲት ቦታ ላይ «ክርርር» እንደሚል ታውቃላችሁ። እሱም ውስጡ እንዲሁ ነው። የሰንሰሯም የካርቦን መንገድ ሲበላ እዚያች ቦታ ላይ ትንተባተባለች። የአሮጌዋ በሽታ ይኸው ነበር።

አንድ ነገር በጣም ገረመኝ። ቢራቢሮዋ ጨርሳ ስትዘጋ ለምን ዜሮ አትልም? መልሱ ቀላል ነው። ዜሮ የተበጠሰ ሽቦ ድምፅ ነው። ዕረፍትም ዜሮ፣ ሞትም ዜሮ ቢሆን ኖሮ ኮምፒዩተሩ ያረፈውን ከሞተው መለየት ባልቻለ። ስለዚህ ለዕረፍት ግማሽ ቮልት ተተወለት፤ የተኛ ሰው ትንፋሽ እንደማለት ነው። ዜሮ የመጣ እንደሆነ «ሽቦው ተበጥሷል» ተብሎ ማስጠንቀቂያው ይበራል።

ዋናው ነገር ግን ይኼ ነው። ሰንሰሯ በራሷ «ዝግ» ማለት ምን እንደሆነ አታውቅም። ሰው ነው የሚነግራት። ብሎኖቹ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ሞላላ ናቸው፤ ብሎኑ ከመጥበቁ በፊት ወደ ግራም ወደ ቀኝም ጥቂት ትዞራለች። ሁሉን የምትወስነው ያችው ጥቂት ናት። ስትገጠም ትንሽ ወዲያ ካለፈች፣ ቢራቢሮዋ ተዘግታ ሳለ «ትንሽ ተከፍታለች» ብላ ታወራለች። ኮምፒዩተሩም ያምናታል፤ ማን ይጠይቃል? ሾፌሩ እየረገጠ ነው ብሎ ሚኒሞውን የመጠበቅ ሥራውን አይጀምርም። ቁልቁለት ላይ እግር ሲነሣ ቤንዚኑን መቁረጥ ሲገባው አይቆርጥም። ሰንሰሯ አዲስ ናት፤ ጤነኛ ናት፤ ልክ ግን አይደለችም።

ይህን ሁሉ ያስረዱኝ በሰፈራችን ያሉ አንድ የመኪና ኤሌትሪክ ሠሪ ሽማግሌ ናቸው። አጎቴን ጎትጉቼ ነው እሳቸው ዘንድ የወሰድኩት። ስለ ዕድሜው አልጠየቁትም። «የት ላይ ነው የሚሰማህ? ስትረግጥ ነው ስታነሣ?» አሉት።

«ሳነሣ ነው።»

«ስትሞቅ ብቻ ነው ወይስ ጧትም?»

«ሁልጊዜ ነው።»

«አዲሷ ከገባች ወዲህ?»

«ከዚያ ወዲህ ነው።»

«በል እንግዲህ እንጠይቃት» ብለው ከሳጥናቸው ሁለት ቴስተር አወጡ። አንደኛው ባለ ቁጥር ነው፤ ሌላው የድሮ ባለ ቀስት። ለምን ሁለት እንደሆነ ስጠይቃቸው «ቁጥሩ የቆመችበትን ይነግርሃል። የመጣችበትን መንገድ የምታሳይህ ቀስቷ ናት» አሉኝ።

ሥራው ለሦስት ተከፈለ። አጎቴ ገብቶ ተቀመጠና እግሩን ሰጠ። ሽማግሌው እጃቸውን። እኔ ዓይኔን። የሚለካው ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ ነው። ሶኬቱን ሳይነቅሉ፣ ሽቦው በሚገባበት በጀርባው በኩል ቀጭን የስፌት መርፌ በጥንቃቄ ሰደዱና የቴስተሩን ጫፍ አስነኩት። መጀመሪያ የሚገባላትን ለኩ፤ 5 ቮልቱ ሙሉ ነው። ቀጥሎ ኔጋቲቩን፤ ጤነኛ ነው። «መልእክተኛዋን ከመክሰስህ በፊት ስንቋን እይ» አሉኝ።

ከዚያ የምልክቷን ሽቦ ያዙ። «እግርህን አንሣ!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«አንሥቻለሁ!» አለ አጎቴ ከውስጥ።

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ! መሬት ላይ ነው ያለው።»

ቁጥሩን አነበብኩ፤ 1.1። ሽማግሌው የኮሮላዋን የጥገና መጽሐፍ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርገው በላስቲክ ጠቅልለው ይዘዋል። ገጹ ሲዘጋ ከ0.3 እስከ 0.8 ይላል። ቢራቢሮዋን በጣታቸው ወደ መዝጊያዋ ገፋ አደረጓት፤ የምትሄድበት ቦታ የላትም፤ ተዘግታለች። ገመዱም ላላ ያለ ነው እንጂ አልተወጠረም። ቁጥሩ 1.1 እንዳለ ነው። አራተኛውም ሽቦ «እግር አልተነሣም» ይላል።

«ና ውረድና እይ» አሉት።

አጎቴ ወርዶ አየ። መኪናው ውስጥ ማንም የለም። ፔዳሉ ላይ ማንም የለም። መለኪያው ግን እግር አለ ይላል። ቁጥሩን ለረዥም ጊዜ ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየ።

«ለካ እግሬ አይደለም» አለ። የተናገረው ለእኛ አልመሰለኝም።

ማስተካከሉ ከግማሽ ሰዓት አልበለጠም። ሁለቱን ብሎኖች በካቻቪቴ ላላ አደረጓቸው፤ ጨርሰው አልፈቷቸውም። ከዚያ እንደ መጽሐፍ የሚገለጡ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ያሉበት መለኪያ አወጡ። እያንዳንዱ ቅጠል ውፍረቱ ተጽፎበታል። ለየትኛው ሞተር የትኛው ቅጠል እንደሚያስፈልግ የጥገናው መጽሐፍ ይወስናል፤ ለዚህ ሥራ የሚፈለጉት ከአንድ ሚሊሜትር በታች ናቸው። የታዘዘውን ቅጠል በቢራቢሮዋ ክንድና ክንዱ በሚያርፍበት ብሎን መካከል አስገቡ። ቢራቢሮዋ ላይን እስከማይታይ ድረስ ጥቂት ተከፈተች። ሰንሰሯን ቀስ እያሉ አዞሯት፤ አራተኛው ሽቦ «ተነሥቷል»ና «አልተነሣም» የሚሉት ቃሎቹ የሚለያዩበትን ድንበር እስኪያገኝ ድረስ። እዚያ ላይ ብሎኖቹን አጠበቁ።

ያችን ማረፊያ ብሎን ግን አልነኳትም። «ሚኒሞ ከፍ ሲል ሰው ሁሉ የሚሮጠው እሷን ሊያዞር ነው» አሉ። «በካርቡራተር ዘመን ጆሮና ካቻቪቴ ይበቃሃል። አሁን ግን መነሻውን ካንቀሳቀስክ ሁሉንም ነገር ከየት ትለካዋለህ?»

ቀጥሎ ፈተና መጣ። ቀጠን ያለው ቅጠል ሲገባ ሰንሰሯ «ተዘግቷል» ማለት አለባት። ወፈር ያለው ሲገባ «ተከፍቷል»። የሁለቱ ቅጠሎች ልዩነት የጥቂት ወረቀት ውፍረት ነው፤ በእጃችሁ የያዛችሁት መጽሔት እንኳ ይበልጠዋል። በመጀመሪያው ፈተና ወደቀች፤ ብሎኑ ሲጠብቅ በትንሹ ተንሸራታ ኖሯል። አልተበሳጩም። አላልተው እንደገና ጀመሩ። ሁለተኛው ያዘ።

ቅጠሉ ወጣ፤ እግር ተነሣ፤ አነበብኩ፤ 0.5።

«በል አሁን እስከ ወለሉ ርገጥ፤ ግን ሕፃን እንደምታስተኛ ቀስ ብለህ» አሉት። ባለ ቀስቱን ቴስተር ወደ እኔ አዞሩት። አጎቴ ፔዳሉን ከጫፍ እስከ ወለሉ በአንድ ረዥም ትንፋሽ ረገጠው። ቀስቷ አልዘለለችም፤ አልተንቀጠቀጠችም፤ አንዲት ቦታ ላይ እንኳ አልቆመችም። ፀሐይ እንደምትወጣ ወጣች። ወለሉ ላይ 4.1 ደረሰች። ያንን ያህል እኩል የሆነ መርገጥ እኔ በሃያ አንድ ዓመት እግሬ እችለዋለሁ ብዬ አልምልም።

«ሰንሰሯም ደህና ናት፣ እግርህም ደህና ነው» አሉት ሽማግሌው ካቻቪቴያቸውን እየጠረጉ።

በዚያው ምሽት ከሽሮ ሜዳ አብረን ወረድን። እግሩን አነሣ። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያዛት። ስድስት ኪሎ እስክንደርስ ፍሬን የነካው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ምንም አልተናገረም፤ ሬዲዮኑን ከፈተ። እትዬም የዕድሜን ነገር ደግማ አላነሣችም።

እኛ ቋንቋና ታሪክ የምናጠና ሰዎች ቁጥርን በጎሪጥ ማየት ይቀናናል። ቁጥር ሰውን ይደፈጥጣል፤ ሕይወትን ያደርቃል እንላለን። የሚደፈጥጥበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። በዚያች ቀን ያየሁት ግን ሌላ ነው። አጎቴ እውነቱን አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ያጣው ሰሚ ነው። «ሌላ ሰው እግሩን ረስቶባታል» ከማለት በቀር ቋንቋ አልነበረውም፤ ይህ አነጋገር ደግሞ ለሰሚው የሽማግሌ ቅዠት ይመስላል። 1.1 የምትለው ቁጥር ግን ያንኑ ንግግሩን ሳትጨምር ሳትቀንስ ደገመችለት። ምስክር ማለትስ ይኼ አይደለም እንዴ?

የጋራዡን ልጆች አልረግማቸውም። በሽታውን አውቀዋል፤ የመረጡትም ዕቃ ትክክለኛው ነው። የቀራቸው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የከነከነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ያልለኩትን ዕቃ አመኑ፤ ሠላሳ ዓመት የነዳውን ሰው ተጠራጠሩ። ዕቃው አዲስ ነበርና፤ ሰውየው ደግሞ አሮጌ።

በአሁኖቹ መኪኖች ይህ ሥራ የለም ማለት ይቻላል። የሽቦ ገመዱ ቀርቶ ቢራቢሮዋን ትንሽ የኤሌትሪክ ሞተር ታዞራታለች። ሰንሰሩ ታሽጎ ይመጣል፤ የዕረፍቱን ቦታ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይማራል። ደስ የሚለው መሐንዲሶቹ በአንድ ሰንሰር አለመርካታቸው ነው። ሁለት አድርገው ኮምፒዩተሩ ቃላቸውን እንዲያመሳክር አድርገዋል። አንድ ምስክር አይበቃም የሚለው የሽማግሌዎቻችን ዳኝነት እዚያም ገብቷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ የአጎቴን ዓይነት መኪኖች ገና አብረውን ይኖራሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ ያለችውን ጠግኖ መያዝ ለእንጀራ ፈላጊው የበለጠ ግድ ሆኗል። ባለ ቀስት ቴስተር የያዘ ሽማግሌ በየሰፈሩ ይብዛልን ከማለት በቀር ምን እላለሁ!

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሒሳባቸውን ከተቀበሉ በኋላ ሽማግሌው የአዲሷን ሰንሰር ካርቶን ከመኪናው ወለል ላይ አንሥተው «አንተ ተማሪ ነህ፤ ጻፍ» አሉኝ። በጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩ፤ «እግር ሲነሣ 0.5፤ እስከ ወለሉ ሲረገጥ 4.1። ነሐሴ 2014 ዓ.ም.»። አጎቴ ወረቀት የማስቀመጥ ልማድ የለውም፤ የትራፊክ ቅጣት ወረቀት እንኳ ፈልጋ የምታገኝለት እትዬ ናት። ያችን ካርቶን ግን ከሊብሬው ጋር በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀመጣት። እስከ ዛሬ እዚያው ናት። ኮፈኑን ሊከፍት የመጣ መካኒክ ሁሉ መጀመሪያ እሷን ማንበብ አለበት።